በአባታችን ኮፊያ

ይድረስ ለምወድህ፣ ለምናፍቅህና ለምቀናብህ ወንድሜ ለሳሌህ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ የምትሠራበትን የፓልም እርሻ አቋርጦ እደጃፍህ ድረስ ይምጣልህ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ሸክም ጎዳኝ ብለህ ስትጽፍ እማ ያን ቀን እራት አልበላችም። እኔ ባለፈው ወር ትኩሳት ይዞኝ ስተኛ ግን የእኔንም ድርሻ ጨምራ በላች። ባለቤትህ ኑርባያ ደህና ናት? ዒሻስ ትምህርት ቤት ገባች? የፊት ጥርሷ ወልቋል ወይስ ገና ነው? እኛ አላህ ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን። እኔ ደግሞ ከናፍቆትህና ከቅናትህ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን ስታነብ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ሳቅ፣ ግን እኔ የምጽፍልህ የምሬን ነው።

የላክኸው ቬንቲሌተር በደህና ደርሶናል። እማ የት እንዳስቀመጠችው ልንገርህ? ከአንተ ፎቶ ፊት ለፊት። «እዚያ አገር ሙቀቱ አይጣል ነው አሉ» ብላ። እኔ እዚያው ክፍል ውስጥ የሙሽራ ቀሚስ ላይ ዶቃ ስሰፋ ላቤ ጠብ ጠብ ይላል፣ ፎቶው ግን ይነፍስለታል። አንድ ቀን ወደ እኔ ባዞረው «አትንኪ፣ የሳሌህ ነው» ብላ ጮኸችብኝ። ዓይኗን ሞራ ጋርዶት አሁን የሰው ጥላ እንጂ መልክ አትለይም፤ ቬንቲሌተር ሲዞርባት ግን ታያለች። አርብ አርብ ፎቶህን በመሐረቧ ትወለውለዋለች። የእኔ ፎቶ በዚህ ቤት የለም። በሐይቁ ዙሪያ ባለ በየሙሽራው አልበም ውስጥ ግን አለሁ፤ አንዱ ላይ እጄ፣ አንዱ ላይ ክርኔ። ፎቶ አንሺው «ናጅማ፣ ትንሽ ፈቀቅ በይ» ይለኛል፣ ፈቀቅ ሳልል ያነሳዋል።

በደብዳቤህ ሮስን ማን ዳራት ብለህ ጠይቀሃል። እኔ እንደሆንኩ ሰው ነግሮህ አላመንክም አሉ። እመን፤ ታናሽ እህታችንን የዳርኳት እኔ ነኝ። አንተ መምጣት ስላልቻልክ ነው እንዳትል። ብትመጣም አንተ አትድራትም ነበር። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ላጫውትህ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ የምጠይቅህ ነገር አለኝና ደብዳቤውን ግማሽ ላይ አጥፈህ ኪስህ ውስጥ እንዳትከተው።

ልጆች ሳለን እማ ለጎረቤት የምትለውን ታስታውሳለህ? «አላህ አልበደለኝም፤ መጀመሪያ አንድ ሴት፣ ቀጥሎ አንድ ወንድ ሰጠኝ። እነሱ ናቸው ልብሳቸውን የተለዋወጡት» ትል ነበር። አንተ ካላላይ፣ እኔ ካላባይ። እንደ አንተም እንደ እኔም ያለ በሐይቁ ዳርቻ ብርቅ አይደለም፣ ሁለታችን ከአንድ ማህፀን መውጣታችን ግን ሰውን ያስቀው ነበር። አንተ ሳሊሃ ተብለህ ተወልደህ ቀሚሱን ጣልክና የአባባን ጀልባ ያዝክ። እኔ ናጅሙዲን ተብዬ ተወልጄ ጀልባውን ትቼ ቀሚሱን አነሳሁ። እኔ የጣልኩትን ወንድነት አንተ ለበስከው፣ አንተ የጣልከውን ሴትነት እኔ ለበስኩት። ታዲያ ምነው የአንተ ልብስ ለዚህ ቤት ኩራት ሆኖ የእኔ መሳቂያ ሆነ? አንተ መረብ ስትጥል «ከወንድ ወንድ!» ተባልክ። እኔን ከሴት ሴት ያለኝ ሰው የለም። «አቤት እጇ!» ነው የሚሉኝ።

እጄንማ ይፈልጉታል። ሹሙ ልጁን ሲድር፣ የሐር ነጋዴው ልጁን ሲድር፣ ድሃውም ተበድሮ ሲደግስ «መጀመሪያ ናጅማን ጥሩ» ይባላል። ሙሽራ ግንባሯ ላይ ጥቁሩን ቅብ እኔ ካልሳልኩላት ከክፍሏ አትወጣም። መንገድ ላይ እያፏጩ የአካሄዴን የሚያስመስሉት ጎረምሶች፣ እናቶቻቸውን ሁሉ ለሙሽርነት ያበቃሁ እኔ ነኝ። ብቻ ይህን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት የቤታችንን ነው። አባባ ሲሞት ጩቤው ለአንተ ተሰጠ፤ ጥቁሩ ኮፊያው ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። «ለናጅማስ?» ሲባል አጎታችን «እሷ ምን ታደርግበታለች» አለ። በመጨረሻ የሩዝ ማጠቢያው ሳህን ደረሰኝ። አሁንም ሩዝ የማጥብበት ነውና እንዳትስቅብኝ።

ወደ ሠርጉ ልመለስ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ሄደው፣ ሮስ ለሙክሊስ ተፈቅዳለት፣ ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ኢማም ሳኒ ስለ ኒካው ቃል ኪዳን ሊነጋገሩ መጡ። «አባቷ በሕይወት የለም፤ ስለዚህ ወሊዋ፣ በአባቷ ቦታ ቆሞ የሚድራት፣ ወንድሟ ነው። ማን ነው የሚድራት?» አሉ። እማ ደረቷን ነፋ አድርጋ «ወንድሟማ ሳሌህ ነው፣ ጻፉለትና ይምጣ» አለች። ኢማሙ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ።

«ሩካያ፣» አሏት በቀስታ፣ «ሳሌህ የተባረከ ልጅ ነው። የመስጊዱን ጣሪያ ያደሰልን እሱ ነው፣ አልረሳም። ግን ኒካ ላይ የሚቆጠረው በልደት ወንድ የሆነው ነው።»

«እንግዲያው ወንድ የለንም በሉኛ!»

«አላችሁ እንጂ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

እኔ አረንጓዴ ቀሚሴን ለብሼ፣ ጉትቻዬን አድርጌ፣ የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ሳሌህ፣ አልዋሽህም፤ ትሪውን እንደያዝኩ ልቤ ዘለለ። ከተወለድኩ ጀምሮ አንተ የማትችለው፣ እኔ ግን የምችለው ነገር ተገኘ! «አየሽ እማ፣ ሳሌህሽ አይችልም» ልላት ምላሴን አሳከከኝ። ደስታዬ ግን ሻይ ቀድቼ እስክጨርስ እንኳ አልቆየም። ምን እንደሚጠይቁኝ ገባኝ። ጎረቤታችን ማሴ ከመስኮቷ ሆና ሁሉንም ሰምታ ኖሮ «ወይ የናንተ ቤት! ወንድ ሲፈለግ ሴት፣ ሴት ስትፈለግ ወንድ ይወጣል። እናንተ ዘንድ ሲመጡ መብራት ይዞ ነው!» ብላ እስክታነባ ሳቀች።

በማግስቱ እማ መርፌና ክር ከምይዝበት ጥግ መጥታ ተቀመጠች። «ናጅማዬ» አለችኝ። እንዲህ አቆላምጣ የምትጠራኝ ስትፈልገኝ ነው። «አንድ ጠዋት ብቻ እኮ ነው። የአባትሽን ኮፊያ ታደርጊያለሽ። ሳሌህ ጥሎት የሄደው ነጭ ሸሚዝ አለ። ትቀመጫለሽ፣ ቃሉን ትያለሽ፣ ትነሻለሽ። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠይቅሻል?»

ደሜ ፈላ። «እማ፣ ያን ኮፊያ አላደርግም ብዬ አይደል አባባ በቀበቶው የገረፈኝ? ያኔ አንቺስ የት ነበርሽ?» አልኳት። «አሁን ሙሽራ ያስዋብኩላቸው ሴቶች ሁሉ በመስኮት እያዩ ወንድ ልሁንላችሁ?» እሷ ደግሞ ቀስ ብላ «ካልሆነ ጉዳዩ ለዳኛ ይሄዳል፤ ወንድም እያላት እንደ ሜዳ ልጅ ባዳ ይዳራት?» አለችኝና አለቀሰች። ሮስ በግድግዳው ወዲያ ሆና እንደምትሰማ አውቃለሁ፤ የሽመናዋ ድምፅ ቆሞ ነበር። ሮስን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ ፀጉሯን የጎነጎንኩት እኔ ነኝ። አንተ ለእሷ ፎቶ ነህ።

ስለዚህ ተደራደርኩ። «እሺ፣ ወንድ ሆኜ እድራታለሁ። በፊት ግን በሂናው ምሽት ስሜ ይጠራ፤ ከሴቶቹ ጋር፣ የሙሽራዋ ታላቅ እህት ተብሎ» አልኳት። ይህን ለምን እንደፈለግኩ ለአንተ ማስረዳት የለብኝም። ሙሽራዋ በዋዜማው መዳፏን ዘርግታ ስትቀመጥ፣ ትዳሩ የሰመረ፣ ቤቱ የሞላ ሰው በስሙ እየተጠራ ሂናውን በመዳፏ ላይ ያኖርላታል፤ ዕድሉ እንዲተላለፍላት። እኔ ይህን ሁሉ ሙሽራ ለሂና አስቀምጬ አንድ ቀን እንኳ ተጠርቼ አላውቅም። ሻማ ያዥ ነኝ። እማ ትንሽ አሰበችና «ልጄ፣ የሚጠራው ዕድል ያለው ነው። አንቺ ለእህትሽ ምን ልታስተላልፊላት ነው?» አለችኝ። ክፋት አልነበራትም። እንደ እውነት ነው የጠየቀችኝ፣ እኔን የገደለኝም እሱ ነው። «እንግዲያው ኮፊያውን ራስሽ አድርጊው» ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋት። ስታኮርፍ ስታኮርፍ ከርማ በመጨረሻ «እሺ፣ ትጠሪያለሽ» አለች።

የሂናው ምሽት ቤቱ እስከ አፍ ገደፉ ሞላ። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለው ሩዝ ተደርድሯል፣ ሮስ ቀይ ለብሳ ትራስ ላይ መዳፏን ዘርግታለች። እኔ ከጎኗ ሻማ ይዤ ቆሜያለሁ፤ በጣም ጥሩውን፣ የወርቅ ክር ያለበትን ሽርጤን ለብሻለሁ። ጠሪው ጉሮሮውን ጠራረገና የመጀመሪያውን ስም ጮክ ብሎ ጠራ። «የሙሽራዋ ታላቅ ወንድም፣ ክቡር ዳኤንግ ሳሌህ! ባለ ትዳር፣ የልጅ አባት፣ በባሕር ማዶ የተከበረ!» ኢማም ሳኒ ባለ ትዳር ሲባል ሳል ሳል አላቸው። እማ በሰው ተደግፋ ተነሳችና በአንተ ስም ሂናውን የሮስ መዳፍ መሃል ላይ አኖረች። ሰው ሁሉ «አሚን!» አለ። አንተ ይሄኔ እዚያ እጅጌህን ሰብስበህ ካርታ ስትጫወት ይሆናል!

ከዚያ መምህሩና ሚስቱ ተጠሩ። ነጋዴው ተጠራ። ባሏ ለሌላ ሴት ቤት የሠራላት ማሴ እንኳ ዕድለኛ ተብላ ተጠራች፤ ስትነሳ ጥቅሻ ጣል አደረገችብኝ። የቀለጠው ሰም ጣቴ ላይ ሲንጠባጠብ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሰዉ ወደ ምግቡ መዞር ከጀመረ በኋላ ጠሪው «እ... ናጅማም አለች» አለ፤ ጃንጥላውን ረስቶ እንደተመለሰ ሰው። የሙሽራዋ ታላቅ እህት የምትለዋ ቃል ቀረች። እማን አየኋት፤ በዚያ በማያይ ዓይኗ ወደ ፎቶህ ዞራለች። ጎንበስ ስል የሮስ መዳፍ ሞልቶ የቀረ ቦታ የለም። ሮስ አውራ ጣቷን ብቻ ነጥላ አቀረበችልኝና «ይቺን ላንቺ ብዬ አስቀርቻታለሁ። ከሌላ ሰው ደብቄ» አለችኝ በሹክሹክታ። ይህ ሊበቃኝ ይገባ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይበቃው ነበር። እኔ ግን መዳፏ መሃል ያለውን ያንተን እያየሁ አንጀቴ አረረ። ቀናሁብህ፣ ሳሌህ። ሳትመጣ አንደኛ መሆንህ ቆጨኝ።

ቃሌን ግን አላጠፍኩም። ጠዋት ሮስን አስዋብኳት፤ ግንባሯን በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ የሳልኩት ሙሽራ የለም። ሙክሊስንም ላቡ እንዳያብለጨልጭ ፊቱን ዱቄት ቀባሁት። ከዚያ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ኩሌን ታጠብኩ፣ ጉትቻዬን አወለቅኩ፣ ፀጉሬን ሸብ አድርጌ በኮፊያው ውስጥ ከተትኩት። ሸሚዝህ ትከሻዬ ላይ ልክክ አለ። መስታወቱን ቀና ብዬ ባየው አንተ ቆመሃል፣ እውነቴን ነው፤ ያውም ትንሽ ቆንጆ ሆነህ። እስከዚህ ዕድሜዬ ድረስ እንዲህ እንደምንመሳሰል አላውቅም ነበር።

ስወጣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከሴቶቹ በኩል «ውይ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ማን እንደሆነች አላጣኋትም። ከሙክሊስ ፊት ለፊት ተቀምጬ እጁን ያዝኩና አውራ ጣቴን ከአውራ ጣቱ ጋር ገጠምኩ። ልጁ ቁልቁል አየና ዓይኑ ፈጠጠ። እኔም አየሁ። ሁሉንም ታጥቤ የጥፍሬን ቀለም ረስቼዋለሁ! ደም የመሰለ ቀይ፣ ከአባባ ኮፊያ ሥር። ኢማም ሳኒ ነጭ መሐረብ ከኪሳቸው አወጡና በሁለታችን እጅ ላይ ጣል አደረጉት። «ቀጥል ልጄ» አሉኝ። «እህቴን ሮስዲያናን ድሬሃለሁ» ስል ድምፄ ወፍራም ሆኖ ወጣ፤ የት ተቀምጦ እንደኖረ እንጃ። ሙክሊስ መልሱን ሁለቴ ተሳሳተ፣ በሦስተኛው በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። «ሆነ?» አሉ ኢማሙ። «ሆነ!» አለ ሰው። በዚህ ሁኔታ አገባች እህትህ።

አሁን ልነግርህ የፈለግኩት ይመጣል። እንደጨረስን ልብሴን ልቀይር በሴቶቹ በኩል ወደ ጓዳ ሳልፍ እማ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ኮፊያውን፣ ሸሚዙን፣ የትከሻዬን ጥላ አየች። ተንጠራርታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። እንደዚያ አድርጋ ይዛኝ አታውቅም፣ ሳሌህ። መዳፏ ሻካራ ነው፣ ሙቅ ነው፣ የቅመም ሽታ አለው። ጉንጬን ደጋግማ እየዳበሰች «መጣህልኝ ልጄ? መጣህልኝ? እንዴት ከስተሃል!» አለችኝ። «እኔ ናጅማ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «መጣሁ እማ» አልኳት። ስንት ዘመን የቀናሁበት ነገር እጄ ገብቶ እንዴት ልመልሰው? ሰረቅኩህ። አላዝንም።

ከዚያ ጣቷ ወደ ጆሮዬ ወረደና የጉትቻውን ቀዳዳ አገኘ። ቆመ። ቀዳዳዋን በጣቷ ጫፍ ዳሰሰቻት፣ መልሳ ዳሰሰቻት። ማን እንደሆንኩ አወቀች፤ ፊቷ ላይ አየሁት። እጇን ታነሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ወዲያው አላነሳችም። ጉንጬ ላይ እንዳለ ትንሽ አቆየችውና «ናጅማ፣ ሩዙን ልጆቹ እንዳያሳርሩት ሂጂ እዪ» አለችኝ። ሄጄ አየሁ። አሮ ነበር።

ያቺን ትንሽ ቆይታ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳመዛዝናት ነው የሰነበትኩት። ቀዳዳውን ከማግኘቷ በፊት ያለው ያንተ ነው፤ አልከራከርም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የእኔ ይመስለኛል። ችግሩ ሁለቱም አንድ ጉንጭ ላይ ተቀላቅለዋል፣ እኔም መለየት አቃተኝ። ስለዚህ የምጠይቅህ ይህን ነው፤ ና። ለአንድ የዓሣ ወራትም ቢሆን ና። ፊትህን ራስህ ይዘህ ና፣ እማ በእኔ ፊት ላይ አንተን መፈለጓን እንድትተው። አጠገቧ ቁጭ ስትል ያኔ እኔን ታየኝ ይሆናል። ካላየችኝም ቢያንስ ቬንቲሌተሩ ወደ ሰው ይዞራል።

ለኑርባያ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የሰፋሁላት ቀሚስ ሰው ሲመጣ ይደርሳታል። ዒሻን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ፣ ትልቋ አክስቷ ፀጉሯን ልትጎነጉንላት እየጠበቀች እንደሆነ ንገራት። ሮስና ሙክሊስ ሰላም ብለውሃል፤ ልጁ አሁንም ጥፍሬን ባየ ቁጥር ይስቃል። ኢማም ሳኒ ሰላም ብለውሃል፤ ጣሪያው እንደገና ማፍሰስ ጀምሯል። ማሴም ሰላም ብላሃለች፣ «ስትመጣ መብራት ይዘህ» ብላለች። የእማን ሰላምታ ግን አልጽፍልህም። ጉንጬ ላይ አለልህ። መጥተህ የአንተን ድርሻ ውሰድ፤ የእኔን አልሰጥህም።

እህትህ ናጅማ

ከቴምፔ ሐይቅ ዳር፣ ሴንግካንግ
ነሐሴ 1996 እ.ኤ.አ.